ጥቁር አፈር ላይ የተተከለ ሃስ አቮካዶ፦ ለኮምቦልቻው ጠያቂ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ኮምቦልቻ ዳር፣ ወደ ቦርከና በሚወርደው ጥቁር አፈር ላይ የዛሬ ሁለት ዓመት 40 የተዳቀለ ሃስ አቮካዶ ተከልኩ። ጉድጓዱ በተነገረኝ መሠረት 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ነው። 14ቱ ደርቀዋል፤ አብዛኞቹ የሞቱት ክረምት ሊወጣ ሲል ነው። ከቀሩት ብዙዎቹ ቅጠላቸው ገርጥቷል፣ ጫፋቸው ራቁቱን ቀርቷል፣ አበባ ያወጡትም አራግፈዋል። ዩሪያ ጨመርኩ፣ ውሃም አበዛሁ፤ ባሰባቸው። አሁን 24 አዲስ የሃስ ችግኝ ገዝቻለሁ። በሞቱት ቦታ ልተካቸው? ደሴ ያለው ወንድሜም ልትከል ይላል፤ ይሆንለታል?»

መጀመሪያ አብሽሩ፤ 26 ዛፍ በሕይወት አለ፣ አዲሱም ችግኝ ገና አልተነካም። በሞቱት ጉድጓድ አዲስ ችግኝ አይትከሉ። ዩሪያውን ዛሬውኑ ያቁሙ። ውሃም ቢሆን አፈሩን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጫር አድርገው በእጅዎ ሳይነኩ አያጠጡ። ምክንያቱ ካልገባ ግን ይኸው ጥፋት በሌላ በኩል ዞሮ ይመጣልና ትንሽ ላርዝመው።

አቮካዶ ዛፉ ግዙፍ፣ ሥሩ ግን ሰነፍ ነው። ውሃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮቹ በአብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር አይወርዱም፤ በሌሎች ተክሎች ላይ የምናውቀው የሥር ፀጉርም የላቸውም ማለት ይቻላል። ተክሉ የመጣው ከመካከለኛው አሜሪካ ደን ነው፤ እዚያ ቅጠል ረግፎ ወፍራም ምንጣፍ ሠርቷል፣ አፈሩም ውሃ አይቋጥርም። ዋልካ፣ ማለትም የእርስዎ ጥቁር አፈር፣ ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነው። ዝናብ ሲጠግብ ያብጥና የአየር ቀዳዳውን ሁሉ ይዘጋል፤ በበጋ ይሰነጠቅና ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል። ሥሩ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ መታፈን ይጀምራል። የታፈነ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ዛፉ ውሃ መሐል ቆሞ ይጠወልጋል። ባለቤቱ «ጠማው» ብሎ ይጨምርለታል። እርስዎም የሠሩት ይህንኑ ነው፤ ቅጠሉን ላየ ሰው ስህተቱ የማይጠበቅ አይደለም።

60 በ60 በ60 የሚባለው ጉድጓድ ውሃ በሚያሳልፍ አፈር ላይ መልካም ነው። በዋልካ ላይ ግን ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል። ውስጡን በፍግና በለዘዘ አፈር ሲሞሉት የዙሪያውን ዝናብ ሁሉ ይስባል፤ ግድግዳውና ወለሉ ግን አያስወጡም። በዚያ ላይ ከሥር የገባው ፍግ ሲበሰብስ አፈሩ ይሰምጣል፣ ዛፉም አብሮ ይወርዳል፣ የተዳቀለበት ቦታ (የላይኛውና የታችኛው ተክል የተጣበቁበት) ይቀበራል። አሁን ሄደው ይመልከቱ፤ ከ26ቱ ስንቱ የተዳቀለበት ጠባሳ ከአፈር በላይ ይታያል? ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታየት ነበረበት።

ውሃው መንገድ ይጠርጋል፤ ገዳዩ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የሚባል፣ ሻጋታ የሚመስል ግን ሻጋታ ያልሆነ ውሃ ወዳድ ተሕዋሲ አለ። ስሙን ያገኘው ከቀረፋ ነው፤ መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1922 ሱማትራ ውስጥ ከቀረፋ ዛፍ ላይ ተገኝቶ ነው። በዓለም ላይ አቮካዶን በሥር አበስብስ የሚፈጀው በዋናነት እሱ ነው። ስፖሮቹ (የሚራባባቸው ደቃቅ ዘሮች) ጅራት ስላላቸው በረጠበ አፈር ውስጥ እየዋኙ ወደ ሥር ጫፍ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ነው ጥፋቱ ከሐምሌና ነሐሴ ዝናብ በኋላ የሚታየው። ደረቅ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ወፍራም ልባስ ያለው ስፖር ሠርቶ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይጠብቃል። የሞተውን ነቅለው በቦታው መተካት የማይበጀውም ለዚህ ነው።

የእርስዎ ማሳ ላይ ይህ በሽታ መኖሩን ከቅጠል ፎቶ ማረጋገጥ አይቻልም፤ እርስዎ ግን በቀላሉ ወደ እርግጡ ሊቀርቡ ይችላሉ። ከታመመ ዛፍ ግንድ ሳይሆን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ሥር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፍሩ። ጤነኛ ቀጭን ሥር ነጣ ያለ ክሬም መልክ አለው፣ ሲያጥፉት ይለመጣል። ፋይቶፍቶራ የበላው ጥቁር ነው፣ ሲነኩት ይሰበራል፤ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ሥሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ሆነው ይገኛሉ። ወፍራሙም ቀጭኑም በስብሶ የሚገማ ከሆነ ጥፋቱ የውሃ መታፈን ብቻ ሊሆን ይችላል። የቅጠሉም ምልክት ይለያል። አዲሱ ቅጠል ብጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ብረት ማጣት ነው፤ በእርጥብና ኖራማ አፈር ላይ ይበዛል። ያረጀው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ቡናማ ሆኖ ከተቃጠለ ጨው ነው። ቅጠሉ ሁሉ አንሶና ገርጥቶ ካንጠለጠለ፣ ከላይ ያለው ጭራሮ ራቁቱን ከቀረ ግን ሥሩን ይጠርጥሩ። እርስዎ የገለጹት ይህንን የመጨረሻውን ነው።

ከዚህ የበለጠ ለማወቅ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ የሚጠቀሙበት፣ በቤትዎ የሚሞከር ዘዴ አለ። ከታመመው ዛፍ ሥር ከ5 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አፈሩን ከነቀጭን ሥሩ አንድ ኩባያ ይውሰዱ። ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ውስጥ አድርገው ሦስት ኩባያ ውሃ ይጨምሩበት። ያልበሰለ፣ ጠንካራና ቁስል የሌለው አቮካዶ ታጥቦ ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ከውሃ በላይ ሆኖ ይቁምበት። ፀሐይ በማይመታው ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ከ3 እስከ 6 ቀን ይጠብቁ። ውሃው መስመር ላይ ጠንካራ ቡናማ ነጥብ ከታየ ፋይቶፍቶራ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። አጠገቡ አፈር የሌለበት ውሃ ላይ ሌላ ፍሬ ማስቀመጥ አይዘንጉ፤ እሱም ላይ ነጥብ ከታየ ፈተናው አልሠራም። ይህ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ የመጨረሻው ቃል የዕፅዋት ጤና ላብራቶሪ ነው። ግን አንድ አቮካዶ ብቻ ነው የሚያወጡት።

ስለ 26ቱ። ወደ ማሳው የሚገባውን ውሃ ከላይ በኩል ይጥለፉ፤ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የማጠንፈፊያ ቦይ ቆፍረው በጎን ያስወጡት። ቦዩ በ100 ሜትር አንድ ሜትር ያህል ቢወርድ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ዘቅዝቆ ከሄደ ራሱን እየቦረቦረ ጎርፍ ይሆናል። ግንድ ላይ የተከመረውን አፈር በእጅ ገለጥ ያድርጉ፣ ሥሩን በዶማ አይንኩ። የደረቀውን ጭራሮ እስከ አረንጓዴው ይቁረጡ፤ ቅጠል አልቆበት ለፀሐይ የተጋለጠውን ግንድ በውሃ የቀጠነ ኖራ ይቀቡ፤ የአቮካዶ ቅርፊት በፀሐይ ይላጣል። ቅጠሉ ከግማሽ በላይ የረገፈውን ዛፍ ለማዳን ገንዘብ ማፍሰስ ብዙ አያዋጣም፤ ነቅለው ያቃጥሉት።

መድኃኒት ይጠይቁኛል። በዚህ በሽታ ላይ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ውጤቱ የታየው ፖታሲየም ፎስፋይት ነው። ስሙን ከማዳበሪያ ጋር አያምታቱ፤ ኤን ፒ ኤስ ውስጥ ያለው ፎስፌት ነው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ቅጠል ላይ የሚረጨው ግማሽ ፐርሰንት ሆኖ ነው። በሊትር 400 ግራም ፎስፎረስ አሲድ አለበት የሚል ምርት ካገኙ በአንድ ሊትር ውሃ 12.5 ሚሊ ሊትር፣ በ16 ሊትር መርጫ ደግሞ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የድብልቁ የአሲድነት ልኬት (ፒ ኤች) 7 አካባቢ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ቅጠል ያቃጥላል። ጊዜው ወሳኝ ነው። መድኃኒቱ ዛፉ ምግቡን ወደሚልክበት ስለሚሄድ፣ ለምለም ቅጠል እያወጣ ሳለ ከረጩት ወደ ላይ ይሄድና ሥሩ ባዶውን ይቀራል። አዲሱ ቅጠል ጠንክሮ ከጠቆረ በኋላ ይረጩ። ቅጠል የሌለው ዛፍ የሚቀበልበት የለውም። አገር ውስጥ የተመዘገበና መለያው ያልተነካ ብቻ ይግዙ። ለድንችና ለቲማቲም የምንረጨውን ሪዶሚል አፈር ላይ ማፍሰስ ግን አልመክርም፤ ውስጡ ያለው ሜታላክሲል በተደጋጋሚ ሲሰጥ የአፈር ተሕዋስያን ቶሎ መብላት ይለምዱታል፣ በሽታውም ይላመደዋል።

ወደ 24ቱ ችግኝ እንሂድ፤ የጉዳዩ ዋና እዚህ ላይ ነው። «ሃስ» ብለው የገዙት የዛፉን የላይኛውን ግማሽ ነው። የታችኛው ግማሽ አገር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከተገኘው ፍሬ ዘር የበቀለ ነው፤ ምን እንደሚችል ማንም አያውቅም። ካሊፎርኒያ ዱክ 7 የሚባለውን፣ ደቡብ አፍሪካ ዱሳ የሚባለውን ሥር ሰጪ ተክል ለዓመታት መርጠው ያወጡት ለዚህ በሽታ ነው፤ እነሱም ይታገሣሉ እንጂ አይከላከሉም። ስለዚህ የእርስዎ መከላከያ አፈሩን ከፍ ማድረግ ነው።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ይለኩ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ። ውሃ ከመሬት ገጽ 1 ሜትር በማይሞላ ጥልቀት ላይ ከቆመ ያ ቦታ የአቮካዶ አይደለም፤ ዘይቱን ይትከሉበት፣ ውሃ ይችላል። በበጋ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ በውሃ ሞልተው ያስጠጡት፤ ሲጨርስ እንደገና ሞልተው በሰዓት ስንት እንደሚወርድ በእንጨት ይለኩ። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ያለ ቁልል (ችግኙ የሚተከልበት ከፍ ብሎ የተከመረ አፈር) አይታሰብም። በዋልካ ላይ ይህ የሚያልፍ እምብዛም አይገኝም።

ቁልሉን ግንቦት ላይ፣ አፈሩ ደረቅ ሳለ ይሥሩ። እርጥብ ዋልካ ከተቆለለ እንደ ጡብ ይደርቃል። ጉድጓድ አያስፈልግም። ከረድፉ መሐል የላይኛውን 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ብቻ እየገፈፉ ወደ ረድፉ ይቆልሉ፤ ከታች ያለውን ጭቃ አያውጡ። ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ የታችኛው ስፋት 2.2 ሜትር፣ የላይኛው 1.2 ሜትር ይሁን። አንዱ ቁልል 1.2 ሜትር ኩብ ያህል አፈር ይበላል፣ በእጅ ጋሪ 20 ምልልስ ገደማ ነው። ይህን ለ24 ዛፍ ከመመላለስ በበሬ አርሶ ረጅም መደብ ማውጣት ይቀላል። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት በዛፍ ሁለት ባሬላ ከላይኛው አፈር ጋር ያደባልቁ፤ ከአፈሩ አንድ አምስተኛ አይለፍ፣ ካለፈ ይሰምጣል። ክረምቱ ሲመታው ቁልሉ ሩቡን ያህል ይወርዳል፤ የሚተከለውም ከወረደ በኋላ ነው። የማጠጫ ውሃ ካለዎት ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም መጀመሪያ ይትከሉ። ሐምሌ ላይ መትከል የለመድነው ውሃ በነፃ ስለሚገኝ ነው፤ ለዚህ አፈር ግን ያ ነፃ ውሃ ውድ ነው።

ችግኙን ከመትከልዎ በፊት ከፕላስቲኩ አውጥተው ሥሩን ይዩ። ጥቁር ጫፍ ካለው ለሻጩ ይመልሱ፤ ብዙ ማሳ በሽታውን የሚገዛው ከችግኝ ጋር ነው። ታች የተጠመዘዘውን ሥር ይቁረጡ። ችግኙ ፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረው ጥልቀት በታች እንዳይገባ ያድርጉ። ከታመሙት ዛፎች በታች በኩል አይትከሉ፤ ውሃው ይዞ ይመጣል። ዶማና ቦቲ ከታመመው ወደ ጤነኛው ሲሻገር መጀመሪያ ጭቃው ይታጠብ፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ። ጭቃው ላይ ካፈሰሱት በረኪናው ጭቃው ላይ ያልቃል።

አሁን ጥያቄዎ ውስጥ ወዳልጠየቁት ልሂድ። 24 ተመሳሳይ ችግኝ መኖሩ መልካም አጋጣሚ ነው፤ በራስዎ መሬት ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይችላሉ። ሜዳ ላይ ተክሎ ከቁልል ጋር ማወዳደር አያስፈልግም፤ ያን መልስ 14ቱ የሞቱት ሰጥተዋል። በእርስዎ አፈር ላይ በእርግጥ የማይታወቀው ጉዝጓዝ፣ ማለትም ዛፉ ዙሪያ አፈር ላይ የሚነጠፍ አገዳና ቅጠል፣ መጥቀሙ ነው። በአንድ በኩል ኩዊንስላንድ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ወፍራም ጉዝጓዝና የዶሮ ፍግ ሲሰጠው የኖረ ማሳ ተሕዋሲው አፈሩ ውስጥ እያለ ጤነኛ ሆኖ መቆየቱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመዝግቧል። የፋይቶፍቶራ ግድግዳ ሴሉሎስ ስላለበት፣ አገዳና ቅጠል የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን የሚያመነጩት ኢንዛይም እሱንም ያፈርሰዋል። በሌላ በኩል ዋልካ ላይ ጉዝጓዝ በክረምት እርጥበቱን ይዞ ሊያፍን ይችላል። ስለዚህ ይሞከር።

ችግኞቹን በቁመትና በውፍረት እያመሳሰሉ 12 ጥንድ ያድርጉ፤ እያንዳንዱ ጥንድ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቁልሎች ላይ ይተከል። ከጥንዱ የትኛው ጉዝጓዝ እንደሚያገኝ ሳንቲም ወርውረው ይወስኑ። በዓይን አይምረጡ፤ የሰው ልብ ሳያውቀው ለደህናው ያደላል። ደግሞም ባለ ጉዝጓዞቹን ሁሉ ከላይ፣ ሌሎቹን ሁሉ ከታች ካደረጉ የሚለኩት የመሬቱን ዘቅዛቃነት ይሆናል። ጉዝጓዙ የተከተፈ የማሽላ አገዳ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከግንዱ 20 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ይሁን፤ ከአፈር ጋር አይደባለቅ፣ ሲበሰብስ ናይትሮጅን ይሻማል። ምስጥ ካለ መጀመሪያ ግንዱ አካባቢ ነው የሚታየው፣ በየሳምንቱ ይመልከቱ። ሌላው ሁሉ፣ ፍጉም አረሙም እኩል ይሁን። ውሃ ግን እኩል ሊትር ሳይሆን እንደ አፈሩ ንክኪ ይሁን፤ ጉዝጓዝ ያለው ቶሎ አይደርቅም። መነሻው ለአንድ ዛፍ በሳምንት ሁለቴ ግማሽ ጀሪካን ነው፤ የሰጡትን ይጻፉት።

ከተዳቀለበት ቦታ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው በቀለም ቀለበት ያድርጉና እዚያው ላይ በየሦስት ወሩ የግንዱን ውፍረት በካሊፐር ወይም ዙሪያውን በክር ይለኩ። የመጀመሪያው ልኬት በተከሉበት ቀን ካልተያዘ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው፤ የሚነጻጸረው ጭማሪው ነውና። በየወሩ ደግሞ ለቅጠሉ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ፣ 0 ጤነኛ፣ 5 የሞተ። ከሁለት ክረምት በኋላ በየጥንዱ ማን በለጠ ብለው ይቁጠሩ። ጉዝጓዝ ምንም ባይጠቅም እንኳ በአጋጣሚ ብቻ ከ12ቱ 9 ወይም ከዚያ በላይ ሊያሸንፍ የሚችልበት ዕድል ከመቶ 7 ያህል ነው፤ 10 ወይም ከዚያ በላይ ለማሸነፍ ግን ከመቶ 2 ያህል ብቻ። 10 ካገኙ ይመኑት። 7 ለ5 ከሆነ አገዳውን ለከብት ይስጡ። ደብተሩን ይዘው ወደ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ወደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ቢሄዱ ከባዶ እጅ ይልቅ ብዙ የሚያወሩት ይኖራል።

አበባ ማራገፉ አያሳስብዎ። የጎለመሰ ዛፍ ከሚያወጣው አበባ ከሺህ አንዱ እንኳ ፍሬ አይሆንም፤ የሁለት ዓመት ዛፍ ደግሞ አበባው ቢቆረጥለት ይሻላል። ወደፊት ግን ሃስ ብቻውን አይሁን። ሃስ በጠዋት ሴት፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ሆኖ የሚከፈት ዓይነት ነው፤ ኤቲንገር፣ ቤከንና ፉዌርቴ የሚባሉት የአቮካዶ ዝርያዎች ደግሞ ሰዓታቸው የተገላቢጦሽ ነው። ለ8 ወይም 9 ሃስ አንድ ኤቲንገር ወይም ቤከን ይበቃል። ፉዌርቴን ብርድ አበባውን ያዛባበታልና እዚህ ከፍታ ላይ የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። ከሙከራው ጥንዶች ውጭ ዳር ላይ ይትከሏቸው፤ ንብ ካለዎት ቀፎውን ወደዚያ ያስጠጉት።

ስለ ወንድምዎ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። ይህ 650 ሜትር በአማካይ 4 ዲግሪ ያህል ቅዝቃዜ ነው። ዛፉ ያድግ ይሆናል፤ ግን በብርድ ሌሊት አበባው የመከፈቻ ሰዓቱን ይስታል፣ ፍሬውም ለመድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድበት ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ የሚተኛበት ሜዳ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወደ ቦሩ ሜዳ በኩል፣ አይሞክር። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ስለሚፈስ፣ ተዳፋት ላይ ነፋስ የማያገኘው ግቢ ካለው ሁለት ሦስት ችግኝ ተክሎ ይይ፤ ለገበያ ካሰበ ግን ብርድ የሚፈልገው አፕል ለደሴ ይቀርባል፣ አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት የአፕል ዝርያዎች አበባቸው ስለሚገናኝ አንድ ላይ ይተከላሉ።